የውጭ ሕግ ግርጌ ማስታወሻ፦ እነዚህን ምህጻረ ቃላት ማን ይፍታልኝ?

#1 ሰነድ_ፈላጊ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ውል እና ስለ ግልግል ዳኝነት በተጻፉ የውጭ መጣጥፎች ግርጌ ላይ ያገኘኋቸውን ማጣቀሻዎች ከዚህ በታች ዘርዝሬአለሁ። ላቲኑን እንደሚጠራ በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ስትፈልጉት መልሱት።

ሀ) ቢ.ቨርፍ.ጂ.ኢ. 115፣ 118 (139)
ለ) ካስ. ሲቭ. 1ኛ፣ 3 ሜይ 2000፣ ቡል. ሲቭ. ሮማዊ አንድ፣ ቁ. 131
ሐ) ኤ.ቲ.ኤፍ. 130 ሮማዊ ሦስት
መ) ኤ.አይ.አር. 1973 ኤስ.ሲ. 1461፤ (1973) 4 ኤስ.ሲ.ሲ. 225
ሠ) 2008 ኤስ.ሲ.ሲ. 9
ረ) 1995 (3) ኤስ.ኤ. 391 (ሲ.ሲ.)
ሰ) 330 ዩ.ኤን.ቲ.ኤስ. 3
ሸ) አር.ኤስ.ኤ. ቅጽ 25፣ 83

በተለይ መ እና ሠ ላይ ያለው ኤስ.ሲ.ሲ. አንድ ነው ወይስ ሁለት? ለወደፊቱም አንድ በአንድ ከመጠየቅ የሚያድን አካሄድ ካለ ብትነግሩኝ።

#2 ፈጣን_መልስ

ኤስ.ሲ.ሲ. የስቶክሆልም ንግድ ምክር ቤት የግልግል ተቋም ነው። መጣጥፉ ስለ ግልግል ነው ካልክ አለቀ።

#3 መጻሕፍት_ቤት

ፈጣን መልስ፣ የስቶክሆልሙ ተቋም በእነዚህ ፊደሎች መጠራቱ እውነት ነው። እዚህ ግን ቁጥሮቹ አይፈቅዱልህም።

«(1973) 4 ኤስ.ሲ.ሲ. 225» የሚለውን ከግራ ወደ ቀኝ ተመልከተው፦ ዓመት፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ ፊደሎቹ፣ ከዚያ 225። ከፊደሎቹ በፊት የቆመው ቁጥር ቅጽ ነው፣ በኋላ የመጣው ገጽ። ቅጽና ገጽ ያለው ነገር መጽሐፍ ነው፤ ፍርድ ቤትም ተቋምም ሊሆን አይችልም። ይህ በሕንድ የሚታተም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች መድበል ነው። ከጎኑ ያለው «ኤ.አይ.አር. 1973 ኤስ.ሲ. 1461» ደግሞ ያንኑ ፍርድ በሌላ አሳታሚ መድበል ያሳያል። ኤ.አይ.አር. የመላ ሕንድ መድበል፣ 1973 ዓመቱ፣ ኤስ.ሲ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ 1461 ገጹ። ሁለቱም የሚወስዱት ወደ ኬሳቫናንዳ ባራቲ ጉዳይ ነው፤ ፓርላማ ሕገ መንግሥቱን ሲያሻሽል መሠረታዊ መዋቅሩን መናድ አይችልም የተባለበት።

«2008 ኤስ.ሲ.ሲ. 9» ላይ ግን ቅጽ የለም። ዓመት፣ ፊደል፣ ተራ ቁጥር ብቻ። እንዲህ ያለው ማጣቀሻ አሳታሚ የሌለው ነው፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ ለውሳኔው የሰጠው ስም ነው። ኤስ.ሲ.ሲ. እዚህ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሆን 9 የዓመቱ ተራ ቁጥር ነው። ጉዳዩ ደንስሙር በኒው ብሩንስዊክ ላይ ያቀረበው ነው። ያው ፍርድ በታተመው መድበል [2008] 1 ኤስ.ሲ.አር. 190 ተብሎ ይገኛል። ይህ ኤስ.ሲ.አር. ደግሞ በተራው ሕንድም ካናዳም የሚጋሩት ፊደል ነው፤ ሁለቱም አገር በዚህ ስም የሚታተም ኦፊሴላዊ መድበል አላቸው።

ስለዚህ ፊደሎቹን ለመዘርዘር አትቸኩሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው?» ነው፦ ፍርድ ቤት፣ መድበል፣ የሕግ መጽሐፍ፣ ወይስ እንዲያው «ተመልከት» የሚል ጠቋሚ? ይህን የሚነግሩህ የቁጥሮቹ አቀማመጥ ናቸው። ቀጥሎ አገሩና ቋንቋው፣ ቀጥሎ ዘመኑ። ፊደሉ የመጨረሻ ነው።

ለፍለጋው እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጽሐፍ ከሆነ በእጅህ ያለው፣ የምህጻረ ቃላት ዝርዝር ከፊት ገጾቹ አለ፤ ብዙ ሰው የማያየው እሱን ነው። የፈረንሳይ መጻሕፍት ማውጫቸውን ከኋላ ስለሚያደርጉ ዝርዝሩም ከኋላ ነው ብሎ የሚተው አለ፣ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ነው። መጽሔት ከሆነ ይህ ዝርዝር የለም፤ ያኔ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምህጻረ ቃላት ማውጫ ላይ ግባ። ነጻ ነው፣ ከምህጻር ወደ ሙሉ ስም እና ከሙሉ ስም ወደ ምህጻር ይሠራል። የእንግሊዝን፣ የጋራ ብልጽግና አገሮችንና የአሜሪካን ይዟል፣ ከሌላው ዓለምም ዋና ዋናዎቹን። አንድ ምህጻር ስትጽፍ ስድስት ሰባት መልስ ሊሰጥህ ይችላል፤ የመምረጡ ሥራ ያንተ ነው፣ በአቀማመጡና በአገሩ። ለአሜሪካ የማጣቀሻ አጻጻፍ ብሉቡክ የሚባል መመሪያ አለ፣ የውጭ አገሮች ሠንጠረዡ ከ2020 ወዲህ ድረ ገጹ ላይ በነጻ ተለቋል። ለጀርመን የኪርሽነር የሕግ ምህጻረ ቃላት መዝገብ ነው ዋናው፣ እሱን ለፍራንክፈርቱ ሰው ልተውለት።

#4 ከፍራንክፈርት

ሀን ልውሰድ። ቢ.ቨርፍ.ጂ. የጀርመን ፌዴራል ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ነው። መጨረሻው ላይ ኢ ሲጨመር ፍርድ ቤቱ መሆኑ ቀርቶ የውሳኔዎቹ መድበል ይሆናል። ቢ.ጂ.ኤች. ፌዴራል ሰበሩ ሲሆን ዜድ ሲጨመርበት የፍትሐ ብሔር ውሳኔዎቹ መድበል፣ ኤስ.ቲ. ሲጨመርበት የወንጀሉ። ከመጨረሻዋ ፊደል ተነስታችሁ አንብቡ፣ ጀርመንኛ ላይ ወሳኟ እሷ ናት።

115 ቅጽ፣ 118 ውሳኔው የሚጀምርበት ገጽ፣ ቅንፍ ውስጥ ያለው 139 ጸሐፊው የሚጠቅሰው ትክክለኛ ገጽ። ውሳኔው የ15 ፌብሩዋሪ 2006ቱ ነው፤ የተጠለፈ የመንገደኞች አውሮፕላን ተመትቶ እንዲወድቅ የሚፈቅደውን ሕግ የሻረው። ያው ውሳኔ «ኤን.ጄ.ደብሊው. 2006፣ 751» ተብሎም ይመጣል። ያኛው ሳምንታዊ የሕግ መጽሔት ስለሆነ 2006 ዓመት እንጂ ቅጽ አይደለም። መድበሉ በቅጽ፣ መጽሔቱ በዓመት ይጠራል።

የተከራካሪ ስም ይዛችሁ ጀርመን ውስጥ ፍርድ ፍለጋ አትግቡ። ስም ይደበቃል። የሚሠራው የመዝገብ ቁጥሩ ነው፤ የዚህኛው «1 ቢ.ቪ.አር. 357/05» ይባላል። 1 አንደኛው ችሎት፣ ቢ.ቪ.አር. ግለሰብ ያቀረበው የሕገ መንግሥት አቤቱታ፣ 357 ተራ ቁጥር፣ 05 የተከፈተበት ዓመት። አር. በኤል. ከተተካ አቤቱታው ከሥር ፍርድ ቤት የተላከ ነው፤ በኤፍ. ከተተካ መንግሥታት ወይም የፓርላማ አባላት ያመጡት። አንዲት ፊደል ማን እንደከሰሰ ትነግራችኋለች።

አሁን ደግሞ ስንቱን ያሳሳተችው ትንሿ ኤል። ቢ.ጂ.ቢ. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ትንሽ ኤል ሲከተለው ግን የፌዴራል ሕግ ጋዜጣው ነው፣ የእነሱ ነጋሪት ጋዜጣ። ስካን የተደረገ ሰነድ ላይ ኮምፒውተሩ ትንሿን ኤል 1 ቁጥር አድርጎ ያነባታል፤ «ቢ.ጂ.ቢ. 1» ይላችኋል፣ እናንተም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1ን ትከፍታላችሁ። ከኋላዋ ሮማዊ አንድ ወይም ሁለት ካለ ጋዜጣው መሆኑን እወቁ፤ ክፍል አንድ የአገር ውስጥ ሕግ፣ ክፍል ሁለት ዓለም አቀፍ ስምምነቶች። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ጋዜጣው በኤሌክትሮኒክ ብቻ ስለሚወጣ ገጽ የለም፤ «2023 ሮማዊ አንድ ቁ. …» ተብሎ በቁጥር ይጠቀሳል። የገጽ ቁጥር ጎደለ ብላችሁ አትልፉ። ኦስትሪያም በዚያው ስም የሚጠራ ጋዜጣ አላት።

#5 ሰነድ_ፈላጊ

እግዜር ይስጥልኝ። «§ 433 አብስ. 1 ኤስ. 1 ቢ.ጂ.ቢ.» የሚልም አለኝ። ኤስ. ገጽ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ገጽ 1 ላይ አንቀጽ 433 እንዴት ይገኛል?

#6 ከፍራንክፈርት

ጥርጣሬህ ልክ ነው። ኤስ. በጀርመንኛ ሁለት ሥራ አላት። መጽሐፍ ወይም መጽሔት ከተጠቀሰ ገጽ ናት፤ ሕግ ከተጠቀሰ ዓረፍተ ነገር ናት። አብስ. ንዑስ አንቀጽ ነው። ስለዚህ አንቀጽ 433፣ ንዑስ አንቀጽ 1፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፦ ሻጭ ዕቃውን ለገዢ የማስረከብና ባለቤትነቱን የማስተላለፍ ግዴታ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ስለ ጉድለት ነው። «ኤስ. 1»ን ገጽ 1 ብሎ ወደ አማርኛ መመለስ የተለመደ ስሕተት ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። አር.ኤን. የዳር ቁጥር ነው፣ በኮሜንታሪዎች (ሕግን አንቀጽ በአንቀጽ በሚያብራሩ መጻሕፍት) ላይ ከአንቀጹ ጎን የሚታየው፤ እትም ሲቀየር ገጹ ይቀየራል፣ የዳር ቁጥሩ ግን ብዙ አይነቃነቅም፣ ስለዚህ እሱን ጥቀስ። አይ.ቪ.ኤም. «ከ… ጋር ተዳምሮ»። አንድ ኤፍ. «እና የሚቀጥለው»፣ ድርብ ኤፍ. «እና የሚቀጥሉት»። ኤች.ኤም. «የብዙኃኑ ምሁራን አቋም»፣ ኤ.ኤ. «በተቃራኒው»። ኤ.ኤ. ያለበትን ማጣቀሻ ለአቋምህ ድጋፍ አድርገህ ብትጠቅስ ራስህን ነው የምትከሰው።

#7 የሕግ_ምንጭ

ለ እና ሐ ለእኛ አገር የሕግ ተመራማሪ ቅርብ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው። ስለዚህ የአንቀጽ ምንጭ የሚፈልግ ሰው ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ መድረሱ አይቀርም።

ለ፦ ካስ. የፈረንሳይ ሰበር፣ ሲቭ. 1ኛ አንደኛው የፍትሐ ብሔር ችሎት፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ቀጥሎ የፍትሐ ብሔር ውሳኔዎች ቡሌቲን። ሮማዊ አንድ ቅጽ ሳይሆን የችሎቱ ክፍል ነው። 131ም ገጽ አይደለም፣ የውሳኔው ቁጥር ነው፤ ገጽ 131ን ከፍተው አጣነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ጉዳዩ ባልዱስ ተብሎ የሚታወቀው ነው፣ ገዢ የዕቃውን እውነተኛ ዋጋ ለሻጭ የመንገር ግዴታ የለበትም የተባለበት። በፈረንሳይ የመንግሥት የሕግ ድረ ገጽ ላይ ለመፈለግ የሚበጀው የአቤቱታው ቁጥር ነው፣ የዚህኛው 98-11.381። 98 አቤቱታው የተከፈተበት ዓመት ስለሆነ ከውሳኔው ዓመት ጋር አለመግጠሙ ስሕተት አይደለም።

ሐ፦ ኤ.ቲ.ኤፍ. የስዊስ ፌዴራል ፍርድ ቤት መድበል የፈረንሳይኛ ስም ነው። በጀርመንኛ ቢ.ጂ.ኢ.፣ በጣሊያንኛ ዲ.ቲ.ኤፍ.። ሦስቱም አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ ገጽ ናቸው፤ በሦስት ምህጻር የተጠቀሰውን ሦስት ውሳኔ ብሎ መቁጠር ያስቃል። ሮማዊው ቁጥር ክፍሉን ያሳያል፦ አንድ ሕገ መንግሥት፣ ሁለት አስተዳደር፣ ሦስት ፍትሐ ብሔርና የዕዳ አፈጻጸም፣ አራት ወንጀል፣ አምስት ማኅበራዊ ዋስትና። ዓመቱን ለማወቅ ቅጹ ላይ 1874 ደምሩ። 130 ሲደመር 1874፣ 2004።

የስዊስ የግዴታዎች ሕግም እንዲሁ በፈረንሳይኛ ሲ.ኦ.፣ በጀርመንኛ ኦ.አር. ነው። ኦ.አር.ን የእንግሊዝኛው «ወይም» አድርጎ ያለፈ ተርጓሚ ሥራ አይቻለሁ።

#8 ሰበር_አንባቢ

የ«ረ»ን መልስ ማንም አልነካም። ሲ.ሲ. ሲባል እጃችን ወደ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይሮጣል፤ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በስዊሱም እንደዚያው ነውና። «1995 (3) ኤስ.ኤ. 391 (ሲ.ሲ.)» ላይ ግን መጨረሻ ቅንፍ ውስጥ የገባው ሁልጊዜ ፍርድ ቤት ነው፦ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት። ኤስ.ኤ. መድበሉ፣ 3 በዚያ ዓመት ሦስተኛው ቅጽ፣ 391 ገጽ። የሞት ቅጣትን ያስቀረው የማክዋኒያኔ ጉዳይ ነው። በነጻ ለማንበብ [1995] ዜድ.ኤ.ሲ.ሲ. 3 ብላችሁ ፈልጉ፤ ዜድ.ኤ. የአገሩ መለያ ነው፣ ቀሪው ፍርድ ቤቱ።

እንግሊዝ ላይ ደግሞ የቅንፉ ቅርጽ ራሱ ትርጉም አለው። [1932] ኤ.ሲ. 562 ላይ ማዕዘን ቅንፉ «ዓመቱ ነው የመጽሐፉ ስም፣ ያለ እሱ መደርደሪያው ላይ አታገኘኝም» ይላል። (1868) ኤል.አር. 3 ኤች.ኤል. 330 ላይ ክብ ቅንፉ «ዓመቱ ለመረጃ ነው፣ የምትፈልገው ቅጽ 3ን ነው» ይላል። ሁለቱን ቅንፎች በአንድ ዓይነት የሚተካ የጽሑፍ ማቀናበሪያ ማጣቀሻውን ያበላሸዋል።

#9 ግልግል

ሰ የኒው ዮርክ ስምምነት ነው፣ የውጭ የግልግል ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም በ1958 የተፈረመው። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. ተቀላቅላዋለች፣ በአዋጅ ቁጥር 1184። ዩ.ኤን.ቲ.ኤስ. የተባበሩት መንግሥታት የስምምነቶች ተከታታይ ነው፤ 330 ቅጽ፣ 3 ገጽ። አንዱ ጸሐፊ 3፣ ሌላው 38 ቢጽፍ አትደናገጡ፦ 3 ስምምነቱ የሚጀምርበት ነው፣ 38 የእንግሊዝኛው ቅጂ የሚገኝበት። ከአንድ በላይ ቋንቋ እኩል ተቀባይነት ስላላቸው ጽሑፉ በተከታታይ ይታተማል።

ቅጾቹ የሚወጡት ዘግይተው ነው። አዲስ ስምምነት ቅጽ የሌለው ሆኖ ካገኛችሁት የምዝገባ ቁጥሩን ጥቀሱ፤ ሮማዊ አንድ ሰረዝና ቁጥር ነው፣ የኒው ዮርኩ 4739። ሮማዊ ሁለት ከሆነ መዝገብ የገባው በተለየ መንገድ ነው፣ «ተመዝግቧል» አትበሉ፣ «ተቀምጧል» በሉ። ከመንግሥታቱ ማኅበር ዘመን ከሆነ ኤል.ኤን.ቲ.ኤስ. ነው፣ 205 ቅጾች አሉት። ሲ.ቲ.ኤስ. ሲመጣ ግን ቁሙ፦ ከ1648 እስከ 1919 ያሉትን ስምምነቶች የያዘው ስብስብ ሊሆን ይችላል፣ የካናዳ የስምምነቶች ተከታታይም ሊሆን ይችላል። የስምምነቱ ዘመን ይለየዋል።

ሸ፦ አር.ኤስ.ኤ. ስትሉ ደቡብ አፍሪካ ሪፐብሊክ ትዝ ካላችሁ ተሳስታችኋል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ የግልግል ውሳኔዎች መድበል የፈረንሳይኛ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ አር.አይ.ኤ.ኤ.። ቅጽ 25 ገጽ 83 የኢትዮ ኤርትራ የድንበር ኮሚሽን የኤፕሪል 13 ቀን 2002 ውሳኔ የሚጀምርበት ነው። የካሳ ጥያቄ ኮሚሽኑን ውሳኔዎች ከፈለጋችሁ ቅጽ 26ን ክፈቱ።

የዓለም ፍርድ ቤትም እንዲሁ ሦስት ስም አለው፦ አይ.ሲ.ጄ. በእንግሊዝኛ፣ ሲ.አይ.ጄ. በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ፣ አይ.ጂ.ኤች. በጀርመንኛ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በደቡብ አፍሪካ ላይ የመሠረቱት የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ክስ ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ የመጀመሪያ መቃወሚያው በ1962 መድበል ገጽ 319፣ ክሱ የወደቀበት ሁለተኛው ምዕራፍ በ1966 መድበል ገጽ 6። ዓመቱን ሳታዩ «የዓለም ፍርድ ቤት ተቀበለው» ብትሉ ግማሹን ብቻ ነው የያዛችሁት።

#10 ዩኤን_ሰነድ

የተባበሩት መንግሥታት የስብሰባ ሰነዶችም ማጣቀሻ ናቸውና ላክልበት። ምልክታቸው በእዝባር (/) ተከፋፍሎ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይሄዳል። መጀመሪያ ኤ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ኤስ ጸጥታው ምክር ቤት፣ ኢ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት። «ሲ.ሲ.ፒ.አር./ሲ/ኢ.ቲ.ኤች./ሲ.ኦ./1» የሚለውን ውሰዱ፦ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ ኮሚቴው፣ ኢትዮጵያ፣ የማጠቃለያ አስተያየት፣ የመጀመሪያው። መጨረሻ ላይ ኮር. ካለ እርማት ነው፣ አድ. ተጨማሪ፣ ሬቭ. የተከለሰ። ኤል. ረቂቅ ነው፤ የጸደቀ ውሳኔ አድርጎ መጥቀስ ከባድ ስሕተት ነው።

የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔዎች እስከ 1975 ድረስ ቁጥራቸው ተከታታይ ነበር፣ የጉባኤው ዙር በሮማዊ ቁጥር ቅንፍ ውስጥ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሃድ የወሰነው የዲሴምበር 2 ቀን 1950ው «390 ኤ (ሮማዊ አምስት)» ነው፣ አምስተኛው ዙር። ከ1976 ወዲህ ዙሩ ቀድሞ ይጻፋል፣ 31/1 እየተባለ።

#11 ፈጣን_መልስ

እሺ፣ በስቶክሆልሙ ተሸንፌያለሁ። ግን ይህን ሁሉ ከማጥናት ለቻትቦት ብንሰጠውስ?

#12 መጻሕፍት_ቤት

ጥቆማ ለማግኘት ይሆናል። ችግሩ ፊደሎቹን አይቶ የሚገጥም የሚመስል ስም መደርደሩ ነው፤ መጠራጠሩን አይነግርህም። ስሙን ካገኘህ በኋላ ቅጹንና ገጹን ከፍተህ ማጣቀሻው ያለው ፍርድ በእርግጥ እዚያ መጀመሩን እይ። ገጹ ላይ ሌላ ጉዳይ ካለ ምህጻሩ ነው የተፈታው በስሕተት፣ ወይም ጸሐፊው ከሌላ ሰው ገልብጧል።

አውሮፓ ላይ ለማሽን ምቹ የሆነ መለያ አለ፣ ኤክሊ። አምስት ክፍል አለው፦ ኤክሊ የሚለው ቃል ራሱ፣ አገር፣ ፍርድ ቤት፣ ዓመት፣ መለያ። የፍራንክፈርቱ ሰው ያነሳው ውሳኔ መጨረሻው ክፍል ላይ 20060215 የሚል አለው፣ ቀኑ፤ ቀጥሎ የመዝገብ ቁጥሩ ያለ ክፍተት። የአውሮፓ ኅብረት ሕጎች የሴሌክስ ቁጥር የሚባል መለያ አላቸው፤ 32016አር0679 ላይ 3 የሕግ ዘርፍ፣ 2016 ዓመት፣ አር ደንብ፣ 679 ቁጥሩ። ይህ የመረጃ ጥበቃ ደንቡ ነው፣ በእንግሊዝኛ ጂ.ዲ.ፒ.አር.፣ በፈረንሳይኛ አር.ጂ.ፒ.ዲ.፣ በጀርመንኛ ዲ.ኤስ.ጂ.ቪ.ኦ.። ሦስቱን ምህጻር ከማሳደድ ሴሌክሱን ያዝ።

#13 ቤርሳቤህ

ከእስራኤል ሰነድ ጋር ለምትሠሩ። የዕብራይስጥ ምህጻር ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ሁለት ጭረት አለው፤ እነሱን ካያችሁ ቃል አይደለም፣ ምህጻር ነው። ባጋጽ ከፍተኛው የፍትሕ ፍርድ ቤት ነው፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም ኤች.ሲ.ጄ. ይሆናል። አይን አሌፍ የፍትሐ ብሔር ይግባኝ፣ አይን ፔ የወንጀል ይግባኝ፣ ከፊታቸው ሬሽ ከተጨመረ የይግባኝ ፈቃድ ጥያቄ። ታቭ አሌፍ ግን ሁለት ነው፦ ከመዝገብ ቁጥሩ በፊት ከቆመ የፍትሐ ብሔር መዝገብ፣ ቅንፍ ውስጥ ከገባ ቴል አቪቭ። አንድ ማጣቀሻ ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። የአሁኑ የሥር ፍርድ ቤቶች መዝገብ ቁጥር ሦስት ክፍል ነው፣ ተራ ቁጥር፣ ወር፣ ዓመት፤ መሐሉን የችሎት ቁጥር አታድርጉት።

#14 ሰበር_አንባቢ

ኤ.ሲ.ኤች.ፒ.አር. የሚለውን የጠየቀ ባይኖርም ይመጣል። አንዳንዱ የአፍሪካን የሰብዓዊና ሕዝቦች መብቶች ቻርተር፣ ሌላው ኮሚሽኑን ይልበታል። «አንቀጽ» ከተከተለው ቻርተሩ ነው፤ «ወሰነ» ካለ ኮሚሽኑ። ጥንቁቆቹ ለኮሚሽኑ መሐል ላይ ትንሽ ኤም፣ ለፍርድ ቤቱ ትንሽ ቲ ይጨምራሉ። የአውሮፓው ኢ.ሲ.ኤች.አር.ም ስምምነቱም ፍርድ ቤቱም ሆኖ ይሠራል፣ በዚያው ዘዴ ይለያል። ፈረንሳይኛ ላይ ሲ.ኢ. ካገኛችሁ የፍርድ ጥቅስ ውስጥ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ የደንብ ቁጥር አጠገብ ደግሞ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ነው።

ያው ማኅበረሰብ በእንግሊዝኛ ኢ.ሲ. ሲሆን ከእኛ ዘመን አቆጣጠር የእንግሊዝኛ ምህጻር ጋር ይጋጫል፤ እሱም ኢ.ሲ. ነውና። አንድ የውጭ አንባቢ «አዋጅ 454/1997 ኢ.ሲ.» የሚለውን የአውሮፓ ማኅበረሰብ ሕግ ቢያደርገው አትፍረዱበት። አዋጁ በአማርኛው 454/1997፣ በእንግሊዝኛው 454/2005 ነው፤ ሁለቱን በተለያየ ግርጌ የጠቀሰ ጽሑፍ ሁለት አዋጅ እንዳለ ያስመስላል። ቁጥሩ ዓይነተኛ መለያ አይደለም፣ መንግሥት ሲቀየር ከ1 ይጀምራልና፦ አዋጅ ቁጥር 1 በ1942 እ.ኤ.አ. ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው፣ በ1974 ደርግን ያቋቋመው፣ በ1995 ሕገ መንግሥቱን ያወጀው። «1ኛ ዓመት ቁጥር 1»ም እንዲሁ ከነጋሪት ጋዜጣ የመጀመሪያው እትምና ከፌዴራሉ ጋዜጣ የመጀመሪያው እትም የትኛው እንደሆነ ብቻውን አይናገርም። ለውጭ መጽሔት ስትጽፉ ሁለቱንም ዓመት፣ «ፌዴራል» የሚለውንም ጨምሩ። ፍ/ሕ/ቁ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር) እና ሰ/መ/ቁ (የሰበር መዝገብ ቁጥር) ደግሞ ለማያውቀው ሰው ልክ እንደ ቢ.ጂ.ኤች.ዜድ. ናቸውና ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘርዝሩለት።

#15 ሰነድ_ፈላጊ

ከሀ እስከ ሸ ሁሉም ተገኙ፤ የባልዱስንም የማክዋኒያኔንም ሙሉ ቃል አወረድኩ። አንዲት ቀረችኝ፦ ጀርመንኛው መጣጥፍ ግርጌ 61 ላይ የጸሐፊ ስም፣ ከዚያ «ኤ.ኤ.ኦ. (ኤፍ.ኤን. 14)፣ ኤስ. 203» ይላል። ኤ.ኤ. «በተቃራኒው» ከሆነ ኦ. ምንድን ናት?

#16 ከፍራንክፈርት

እዚህ «በተቃራኒው» አይደለም። ሦስቱ ፊደሎች አብረው «በተጠቀሰው ቦታ» ማለት ናቸው፣ ኤፍ.ኤን. ግርጌ ማስታወሻ። የመጽሐፉን ስም ግርጌ 14 ላይ ታገኘዋለህ፤ ኤስ. መጽሐፍ ስለተጠቀሰ ገጽ ናት፣ 203። ግርጌ 14 ላይ ሌላ ጸሐፊ ካገኘህ አርትዖት ላይ ግርጌ ተጨምሮ ቁጥሩ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ 13ን እና 15ን እይ።